መጤው ዘንባባና ሀገር በቀል ልጁ

አንድን ሕያው ፍጡር የአንድ ምድር ተወላጅ የሚያሰኘው ምንድን ነው? በዚያ ምድር ላይ ዓይኑን መግለጡ ነውን? የአባት የአያቶቹ ዐፅም በዚያ መቀበሩ ነውን? ወይስ ለምድሪቱና አብረውት ለሚኖሩት የሚሰጠው ፍሬ? ጥያቄው ስለ ሰው ሲነሣ ብዙ ደም ያፈሰሰ፣ ዛሬም የሚያፈስ ጥያቄ ነው። ስለሆነም በሰከነ መንፈስ ልንመረምረው የምንችለው ለጊዜው ከሰው አርቀን በሌላ ፍጡር ላይ ስናሳርፈው ይመስለኛል። ለዚህም ከሀገራችን ርቆ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ የሚኖር አንድ የዘንባባ ዘር ጥሩ ምስክር ነው።

ከአልፕስ በስተ ደቡብ፣ በስዊዘርላንድ መንግሥት ሥር ሆኖ ሕዝቡ ኢጣልያንኛ የሚናገርበት ቲቺኖ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ማጆሬና ሉጋኖ የተባሉት ሐይቆች ብርዱን ስለሚያለዝቡለት፣ ከተራራው ማዶ ያለው አገር ገና በበረዶ እንደተሸፈነ በሐይቆቹ ዳር አበባ ይታያል። ከሎካርኖ ከተማ በላይ ወዳለው ዳገታማ ደን የሚዘልቅ ሰው ግን በተራራ ደን ውስጥ የማይጠብቀው ነገር ይገጥመዋል። በብርድ ወራት ቅጠላቸውን በሚያራግፉት ዛፎች ሥር፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ግንዱ ቡናማ ጭገር የለበሰ ዘንባባ፣ አንዱ ለጋ አንዱ ጎልማሳ ሆኖ በብዛት ቆሟል። ማንም አልተከለውም፤ ማንም ውሃ አላጠጣውም። ጀርመንኛ ተናጋሪው የሰሜን ሰው «የቲቺኖ ዘንባባ» ይለዋል። አገር ጎብኚውም ዛፉ ከጥንት ጀምሮ በዚያ የነበረ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ዛፉ ግን የቻይና ልጅ ነው። በቻይና ገበሬ ዘንድ ይህ ዘንባባ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኛ ነበር። ግንዱን የሚጠቀልለው ጭገር እየተላጠ ገመድ ይገመድበታል፤ መጥረጊያና ብሩሽ ይሠራበታል፤ በዝናብ ወራት ገበሬው ደርቦት ከማሳው የሚውልበት የዝናብ ልብስ ይበጅበታል። የኛን ገሳ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ልብስ በዓይነ ኅሊናው ለመሣል አይቸገርም። ፊሊፕ ፍራንትስ ፎን ዚቦልት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1830 እ.ኤ.አ. ዘሩን ከጃፓን ወደ ሆላንድ ላከ። በ1849 ደግሞ ሮበርት ፎርቹን የተባለ ስኮትላንዳዊ የዕፀዋት ሰብሳቢ ችግኞቹን ከቻይና ወደ እንግሊዝ፣ ኪው ወደሚባለው የታወቀ የአትክልት ሥፍራ አሻገረ። ይህ ፎርቹን በዚያው ዘመን ለእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተቀጥሮ የቻይናን የሻይ ተክልና ዘር ወደ ሕንድ ያሸጋገረው ሰው ነው። ሻዩ የንግድ ጉዳይ ስለነበረ በስሌትና በጥንቃቄ ተጓጓዘ፤ ዘንባባው ግን የዓይን ጉዳይ ስለነበረ መጨረሻው ምን ይሆናል ብሎ ሒሳብ የያዘለት አልነበረም። ሳይንሱም ቢሆን ዛፉን ልብሱ አድርጎ ለዘመናት በለበሰው ገበሬ ስም አልጠራውም። በወሰደው ሰው ስም «ትራኪካርፐስ ፎርቹኒ» ብሎ መዘገበው።

ወደ ቲቺኖ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በጎትሃርድ ተራራ ሥር የተፈለፈለው የባቡር ዋሻ በ1882 ተከፍቶ ከሰሜን ያለው ባለገንዘብ ወደ ሐይቆቹ መውረድ ሲቀለው፣ የሆቴሉ ደጃፍ፣ የባለጸጋው ግቢ፣ የሐይቁ ዳር መናፈሻ በሩቅ አገር ዕፀዋት መዋብ ያዘ። በ1885 ባሮነስ አንትዋኔት ዴ ሳን ሌዤ በማጆሬ ሐይቅ ላይ ያሉትን የብሪሳጎ ደሴቶች ገዝታ ከየክፍለ ዓለሙ በመጡ አትክልቶች ሞላቻቸው፤ ደሴቶቹ በ1950 ለሕዝብ የተከፈተ የአትክልት ሥፍራ ሆኑ። ዘንባባው በጉዞ ማስታወቂያ ሥዕሎች ላይ ወጣ፤ የክፍለ ሀገሩ መለያ እስከ መሆን ደረሰ። የሚገርመው በዚያው መቶ ዓመት የቲቺኖ ድሃ ልጅ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ አውስትራልያ ይሰደድ ነበር። ዘንባባው ሲገባ የአገሩ ልጅ ይወጣ ነበር። ለእንግዳ ዓይን የተሰናዳው ገነት ለብዙው ባለአገር ገና እንጀራ አልሆነውም ነበርና።

በሙያዬ የተውኔት ሰው ስለሆንሁ ይህን ታሪክ ስመለከት የሚታየኝ የመድረክ ጀርባ ሥዕል ነው። ዘንባባው በሐይቁ ዳር የቆመው ሰሜናዊው ተመልካች «ደቡብ ደረስሁ» ብሎ እንዲያምን ነበር። የመድረክ ጀርባ ሥዕል አንድ ግዴታ ብቻ አለበት፤ ባለበት መቆም። ቃል አይተነፍስም፤ አይዋለድም፤ ከመድረክ ወርዶ ተመልካቹን ተከትሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ጌጥ የምንለው ነገር ሁሉ ምስጢሩ ይኸው ይመስለኛል። ሕይወት ያለውን ነገር ጌጥ ስናደርገው ከሕይወቱ የምንወስደው መልኩን ብቻ ነው፤ ዘሩን፣ ረኃቡን፣ የራሱን አካሄድ አንፈልግበትም። በቻይና ገመድ ሁን፣ ልብስ ሁን ተብሎ ይጠየቅ የነበረው ዛፍ በቲቺኖ የተጠየቀው «ቁም፣ አምር» የሚል ብቻ ነው። ከሥራው ተነጥሎ ለመልኩ ብቻ የተወደደ ፍጡር መወደዱ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ፣ በልመና ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው በንቀት የተሰናበቱ የጥበብ ሰዎች ታሪክም ያስረዳል። ግን ከዛፉ አንራቅ።

ዛፉ ሕይወት ነበረውና ውሉን አፈረሰ፤ ውሉን ማን እንደተዋዋለለት ባይታወቅም። የዚህ ዘንባባ ወንዴና ሴቴ በየግንዱ የተለያዩ ናቸው። ሴቴዋ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ፍሬ በዘለላ ታፈራለች፤ ወፎች ለቅመው ዘሩን በደኑ ውስጥ ይበትኑታል። ይህ ከመጀመሪያውም የነበረ ነገር ነው። ያደገው ዛፍ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ ቢቋቋምም፣ ለጋው ቡቃያ ግን የብርዱን ወራት አይዘልቅም ነበር። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ፣ ይልቁንም ባለፉት ዐሥርት ዓመታት፣ ውርጭ የሚጥልባቸው ቀናት እያነሱ ሲሄዱ ቡቃያው መትረፍ ጀመረ። ጃን ሬቶ ቫልተርና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ዘንባባው በደን ውስጥ ራሱን ችሎ ሊዋለድ የሚችለው እጅግ ቀዝቃዛ የሆነው ወር አማካይ ሙቀት ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ በሚልበት ሥፍራ መሆኑን፣ የሐይቆቹም ዳርቻ ለዚህ እየበቃ መምጣቱን አሳይተዋል። ይህን ደፍ ዝቅ ያደረገለት ደግሞ ዘንባባው ራሱ አይደለም። የፋብሪካውና የመኪናው ጢስ፣ የሰው ልጅ የከሰልና የነዳጅ ምድጃ ነው። እንግዲህ ሰው ይህን ዛፍ ሁለት ጊዜ ጠርቶታል፤ አንድ ጊዜ በእጁ፣ አንድ ጊዜ በጢሱ።

የስዊዘርላንድ መንግሥት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ዘንባባ ከሌሎች የጌጥ ዕፀዋት ጋር መሸጥን፣ በስጦታ መስጠትንና ከውጭ ማስገባትን ከልክሏል። በየግቢው ቀድሞ የተተከለው ግን ባለበት እንዲቆይ ሕጉ ይፈቅዳል። አእምሮን የሚፈትነው ነገር የሚመጣው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው።

በቋንቋችን «ሀገር በቀል» የሚል ግሩም ቃል አለን። ፍቺው ቀላል ነው፤ በሀገር የበቀለ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ቢመዘን፣ በሆቴሉ ደጃፍ የቆመው፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው፣ በገንዘብ የተገዛው ዛፍ መጤ ነው። በደኑ ውስጥ ያለው ግን ከየትም አልመጣም። ዘሩ የወደቀው በቲቺኖ አፈር ላይ ነው፤ የጠጣው የቲቺኖን ዝናብ ነው፤ የቻይናን ፀሐይ አንድ ቀን አላየም። ቃሉን እንደ ቃሉ ከወሰድነው ሀገር በቀሉ እሱ ነው። ፍርዱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። መጤው ተወደደ፤ ሀገር በቀሉ ወራሪ ተባለ። አባት በግቢ ተከብሮ ይኖራል፤ ልጅ በደን ይቆረጣል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የትውልድ ሥፍራ አይደለም። አባት ጌጥነቱን ጠብቆ ኖረ፤ ልጁ ግን መኖር ብቻ ጀመረ።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት «መጤ» እና «ወራሪ» የሚሉትን ቃላት ለስድብ እንደማያውሏቸው ይታወቃል። ለእነሱ መጤ ማለት በሰው እጅ ከቀድሞ ሥፍራው የወጣ፣ ወራሪ ማለትም በመስፋፋቱ ሌሎችን የሚጎዳ ማለት ነው። ቃል ግን ከሊቃውንት ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ገበያ ሲወርድ ልብስ ይለውጣል። ወራሪ ስንል ጦር የሰበቀ፣ ዕቅድ የነደፈ፣ ድንበር የጣሰ ኃይል ይታየናል። ዘንባባው ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። ቃሉን ሳንመረምር ስንቀበለው ግን አንድ ታላቅ ማታለል ይፈጸማል፤ አስመጪው፣ ሻጩ፣ ገዢው፣ በማስታወቂያ ላይ ሥሎ ገንዘብ የሰበሰበበት ሁሉ ከመድረኩ በኋላ በር ወጥተው ይሄዳሉ፤ ለፍርድ የሚቆመው ዛፉ ብቻ ይሆናል። መከሰስ ያለበት ሰው ከሳሽ ሆኖ የሚመለስበት ተውኔት ይህ ነው።

«መጤ» ደግሞ በኛ አገር ከዛፍ ይልቅ በሰው ላይ መዋልን የለመደ ቃል ነው። በሰፈረበት ቀዬ ሠላሳ ዓመት አርሶ፣ ልጅ ድሮ፣ ወላጆቹን ቀብሮ የኖረን ሰው አንድ ማለዳ ከደጁ ያስወጣ ቃል ነው። በዚያው ቀዬ የተወለደውን ልጁንም አልማረም። መምህሩ ስለ አረምና ስለ ደን ሲያስተምር ቃሉን ያለ ማብራሪያ በሕፃናት አፍ ላይ ቢያኖረው፣ ሕፃኑ ነገ የሚመዝበት ሥፍራ የአትክልት ቦታ ላይሆን ይችላል። ይህ የቃላት ቅንጦት አይደለም። አባቶቻችን በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ከአውስትራልያ የመጣውን ዛፍ ባሕር ዛፍ ብለው ሲሰይሙት እንግድነቱን በስሙ ውስጥ ጻፉለት፤ ጥላቻ ግን አልጨመሩበትም። ውሃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል ብለው ሲነቅፉት፣ ማገዶ ሆነ፣ ቤት ሆነ ብለው ሲያመሰግኑት ኖረዋል። ነቀፋውም ምስጋናውም በሥራው ላይ እንጂ በመምጣቱ ላይ አልነበረም።

እንዲህ ስል ግን ደኑ ለዘንባባው ይለቀቅ ማለቴ አይደለም። ስለ «ሀገር በቀል» ፍቺ ከላይ የተናገርሁት በዚያው ቢቀር የገጣሚ የቃል ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ሐምራዊ አበባው ዓይን ስለማረከ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ሐይቁን እየሸፈነ ታንኳውን ያሰረበት ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ሄዶ ስለ ቃላት ፍልስፍና የሚያወጋ ሰው ቢኖር፣ ዓሣ አጥማጁ በመቅዘፊያው ቢያባርረው ደግ አደረገ እላለሁ። በቲቺኖም ሥጋቱ የፈጠራ አይደለም። ዘንባባው ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፍ ስለሆነ ተጠጋግቶ ሲበቅል ከሥሩ ያለው መሬት ዘወትር ጥላ ይውጠዋል፤ የሌሎቹ ዛፎች ቡቃያ ብርሃን ያጣል። ዳገቱ ላይ ያለው ደን ደግሞ ከበታቹ ያለውን መንደርና መንገድ ከድንጋይ ናዳና ከመሬት መንሸራተት የሚከላከል ዘበኛ ነው። እንደ ገመድ ቀጥነው ከላይ ከላይ የሚሄዱት የዘንባባው ሥሮች ይህን ዘበኝነት እንደ ቀድሞዎቹ ዛፎች ሊወጡት አይችሉም ብለው ባለሙያዎች ይሰጋሉ። ናዳ ደግሞ የታችኛውን ቤት ባለቤት የትውልድ ሐረግ አይጠይቅም።

ይሁንና የሚጠበቀውን ደን ጠጋ ብለን ብንመለከተው ሌላ ነገር እናገኛለን። የደቡብ ቲቺኖ ዳገት ዋና ዛፍ ካስታኞ የሚባለው፣ እሾሃም ቅርፊት ያለው ፍሬ የሚያፈራው ታላቅ ዛፍ ነው። በሐይቆች ደለል ውስጥ የተቀበረውን የአበባ ዱቄት የመረመሩ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ ካስታኞ በዚያ ምድር የተስፋፋው ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት በሮማውያን እጅ ነው። እሱም መጤ ነበር ማለት ነው! ነገር ግን እህል በማይበቅልበት ቀጭን መሬት የተራራውን ድሃ በሺህ ለሚቆጠር ዘመን ያበላው እሱ ነው። ገበሬው አዳቀለው፣ ገረዘው፣ ከሥሩ ያለውን ሣር አጨደለት፤ ፍሬውን በትንሽ የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ለሳምንታት በጢስ አድርቆ ዱቄት አደረገው። ሕዝቡ የዳቦ ዛፍ አለው። ማንም ዛሬ የካስታኞን ዜግነት አይጠይቅም።

ይህን ዜግነት የሰጠው ጊዜ ብቻ አይመስለኝም። ጊዜ ብቻውን ሲያልፍ ማንንም ከማንም አያዛምድም። ያዛመዳቸው ሥራ ነው፤ ሰው ለዛፉ የሠራው፣ ዛፉም ለሰው የሠራው። ዘንባባው በቻይና ይህ ዝምድና ነበረው፤ ባሕር ሲሻገር ዝምድናውን ከኋላው ጥሎ መልኩን ብቻ ይዞ መጣ። በቲቺኖ ማንም ጭገሩን ልጦ ገመድ አልገመደበትም። ስለዚህም በበዛ ጊዜ ጠበቃ የሚሆነው ዘመድ አልነበረውም። በሌላ በኩል የካስታኞው ዘመዶችም ተበትነዋል። ድንችና የስንዴ ዱቄት መጣ፤ ወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ሄደ፤ በ1948 ደግሞ ልጡን የሚያደርቅ በሽታ በቲቺኖ ካስታኞ ላይ ታየ። የዛፎቹ ተንከባካቢ ጠፋ። ዘንባባው የገባበት ደን በከፊል ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቤት ነበር። ባዶ ቤት የገባን ሰው ሌባ ለማለት አፋችን የሚፈጥነውን ያህል፣ ቤቱን ጥሎ የሄደውን ለመጠየቅ አይፈጥንም።

«ሥራ ዜግነት ይሰጣል» ስል ግን አንድ ተቃውሞ ሊነሣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ጠንካራ ነው። ለሰው የማይሠራ ፍጡር በምድር ላይ መብት የለውምን? ገመድ የማይሆን፣ የማይበላ፣ የማይነድ ቁጥቋጦ ሁሉ ይነቀል ልንል ነውን? አይደለም። ደን የሰው አገልጋይ ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚያገለግል ማኅበር ነው። ወፉ ለዘሩ፣ ፈንገሱ ለሥሩ፣ የወደቀው ቅጠል ለነገው ቡቃያ ይሠራል። ስለ ሥራ ስናገር ይህን ሁሉ ማካተቴ ነው። ዘንባባውም በዚህ ማኅበር ውስጥ ገና ጀማሪ ነው፤ ወፍ ያበላል፣ ብርሃን ይነጥቃል። ነገ ምን ቦታ እንደሚይዝ ከወዲሁ መተንበይ የኔ ድርሻ አይደለም። የኔ ነጥብ ሁለት ጥያቄዎች መለየት አለባቸው የሚል ነው። «ከየት መጣ?» የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሊያስደስተን ይችላል። «ምን እያደረገ ነው? ላደረገውስ ተጠያቂው ማን ነው?» የሚለው ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ በዛፍ ላይ ስሕተት ነው፤ በሰው ላይ ወንጀል ነው።

ስለዚህ በዳገቱ ላይ ያለው ዘንባባ መቆረጥ ካለበት ይቆረጥ፤ ቆራጩ ግን የሚቆርጠው እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ባለዕዳ ነው። ዕዳውን የገባው አያቱ ነው፤ ወለዱን የጨመረው አባቱ ነው፤ የሚከፍለው እሱ ነው፤ በሚከፈልበት ግን የሚወድቀው ዛፉ ነው። ይህን የሚያውቅ እጅና የማያውቅ እጅ አንድ ዓይነት መጋዝ ቢይዙም የሚሠሩት ሥራ አንድ አይመስለኝም። የሚያውቀው እጅ በማግሥቱ በባዶው ሥፍራ ምን እንደሚተከል፣ ማንስ እንደሚንከባከበው ያስባል።

የተፈጥሯቸው ነገር ሆኖ ካስታኞ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዘንባባ ግን ሕይወቱ በአናቱ ላይ ባለችው በአንዲት እምቡጥ ስለሆነች ከግንዱ ከተቆረጠ አይነሣም። በደን ያለው በዚህ ያበቃል። በየግቢው ያለችው ሴቴ ዘንባባ ግን በሕግ ተፈቅዶላት ዛሬም ታፈራለች። ባለቤቱ በየዓመቱ መሰላል አቁሞ ወጥቶ የአበባውን ዘለላ ፍሬ ሳይዝ ቢቆርጠው ወደ ደን የሚሄድ ዘር አይኖርም፤ ሥራው የአንድ ረፋድ ሥራ ነው። መሰላሉን የሚያቆም ባለ ግቢ አለ፤ ሐይቁን እየተመለከተ ቡናውን የሚጠጣም አለ። ብርዱ ሲገባ ወፎቹ በሁለቱም ግቢ በኩል ያልፋሉ።